ቲማቲም የማትበላው የቲማቲም ጠላት

ቅዳሜ ጠዋት ነው። እናቴ ሽንኩርቷን ድስት ላይ ጥዳ እያቁላላች፣ እኔ ለስልስ የሚሆነውን ቲማቲም እንድከትፍላት ቢላዋና መክተፊያውን አቀብላኛለች። ቲማቲሙ ከሰፈራችን ጉሊት የተገዛ፣ ቀላ ያለ፣ ሲያዩት ምንም እንከን የማይወጣለት ነው። አንዱን አንስቼ ሳገላብጠው ግን ከጭራው ሥር፣ ያቺ ኮከብ የመሰለች አረንጓዴ ቅጠል ካለችበት ጎን፣ መርፌ የወጋው የሚመስል ቀዳዳ አየሁ። አፉ ላይ ጥቁር ብናኝ ነገር አለ። ሰነጠቅኩት። ከቆዳው ሥር ጠመዝማዛ መንገድ፣ በመንገዱ መጨረሻ ላይ ደግሞ ሮዝ ቢጤ ቀለም ያለው፣ ከሩዝ ፍሬ የማይበልጥ ትል።

"እማዬ፣ ትል አለበት፤ ልጣለው?"

"ምን ሆነህ ነው የምትጥለው? ቆርጠህ አውጣለትና ክተፈው። ትል ያለበት ማለት እኮ መድኃኒት ያልተረጨበት ማለት ነው። እሱ ነው ጥሩው!"

ይህን አባባል ያልሰማ አዲስ አበቤ የለም። እኔም ስሰማው ነው ያደግኩት። ለጎመንም፣ ለዘይቱንም፣ ለማንጎም ይነገራል፤ አንዳንዴም ልክ ይሆናል። ለዚህ ትል ግን አይሠራም። እንዲያውም ነገሩ የተገላቢጦሽ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ትል ያለበት ቲማቲም ከሌላው የበለጠ የተረጨ ሊሆን ይችላል። ለምን እንደሆነ ለመረዳት የትሉን እናት ማወቅ ያስፈልጋል። እኔም ትሉን ከነቁራጭ ቲማቲሙ ባዶ የማርማላታ ጠርሙስ ውስጥ ከተትኩት። ከሥሩ ትንሽ አፈር አድርጌ፣ አፉን በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ሸፍኜ በላስቲክ አሰርኩት። እናቴ "ደግሞ ትል ማርባት ጀመርክ?" ብላ አማተበች።

ትሉ የማን ልጅ ነው? ባለሙያዎች ለረጅም ጊዜ ቱታ አብሶሉታ ሲሏት የኖሩት የአንዲት ትንሽ የእሳት እራት ልጅ ነው። የግብርና ሠራተኞቻችንም ሆኑ ገበሬዎቻችን አሳጥረው "ቱታ" ይሏታል። እኛ ከተሜዎች ቱታ ሲባል ትዝ የሚለን የስፖርት ልብስ ወይም የመካኒክ ልብስ ነው። መቂ አካባቢ "ዘንድሮ ቱታ ገባብን" ያለ ገበሬ ግን ስለ ልብስ እያወራ አይደለም።

ስለ ስም ካነሳን አይቀር፣ የእኛው "የእሳት እራት" የሚለው ስም ሁልጊዜ ይገርመኛል። ምሽት ላይ መብራት ሲበራ ከየት መጣች ሳትባል መጥታ ኩራዙን ስትዞር፣ ስትዞር፣ በመጨረሻ ክንፏን አቃጥላ የምትወድቀውን ነፍሳት "የእሳቱ እራት" ብሎ የሰየመ ሰው ከማየትም አልፎ አዝኖላታል። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ለትሎቹ በየዓይነታቸው ስም አለን። በቆሎውን የሚያወድመው ተምች ነው፤ አገዳውን የሚሰረስረው አገዳ ቆርቁር ነው፤ ሳጥን ውስጥ ያለውን ጋቢ የሚበሳው ብል ነው። የእነዚህ ሁሉ እናቶች የእሳት እራቶች ናቸው፤ እነሱን ግን ለይተን በስም አንጠራቸውም። ልጁን እናውቀዋለን፣ እናቱን አናውቃትም። ማታ መብራት ላይ የምትዞረዋን ነፍሳት ጠዋት ማሳ ውስጥ ካገኘነው ትል ጋር የሚያገናኛት ሰው ብዙ አይደለም።

ለማንኛውም የቱታን እናት ላስተዋውቃችሁ። ቁመቷ ከ5 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ነው፤ አንድ የስንዴ ፍሬ ያህል ማለት ነው። ክንፎቿን ብትዘረጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ብትሆን ነው። ቀለሟ አመድማ ሆኖ የብር ጭረት የሚመስል ብልጭታ አለው፤ በላይኛው ክንፎቿ ላይ ጥቋቁር ነጠብጣቦች ተበትነዋል። ሁለቱ አንቴናዎቿ እንደ ክር የቀጠኑና ወደ ኋላ የተለጠጡ ናቸው። ስታርፍ ክንፎቿን በጀርባዋ ላይ አጥፋ ትሰበስብና ከደረቀ የቅጠል ፍርፋሪ አትለይም። ቀን ቀን በቅጠሎች መሀል ተደብቃ ትውላለች። ማሳ ውስጥ ገብታችሁ ተክሉን ነቅነቅ ብታደርጉት ትንሽ በረር ብላ እዚያው ቅርብ ሌላ ቅጠል ሥር ትገባለች። ሥራዋን የምትሠራው አመሻሽ፣ ሌሊትና ንጋት ላይ ነው።

ቲማቲም አትበላም። ይህን አስምሩበት። አፏ ለማኘክ የተሠራ አይደለም፤ ከቀመሰችም ፈሳሽ ነገር ብትቀምስ ነው። ዕድሜዋም አጭር ነው፤ ሴቷ ከ10 እስከ 15 ቀን፣ ወንዱ ከዚያ ባነሰ ቀን ይሞታል። በዚች ዕድሜ ውስጥ ያላት ጉዳይ አንድ ብቻ ነው፤ ተጋብታ እንቁላሏን ጥሩ ቦታ ማስቀመጥ።

እንቁላሉ ደግሞ ለዓይን የሚያስቸግር ነው። ርዝመቱ 0.36 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ ሦስቱን ጫፍ ለጫፍ ብትደረድሯቸው የአንዲት የጤፍ ፍሬ ርዝመት ቢሆኑ ነው። ነጣ ብሎ ወደ ክሬም ቢጫ የሚያደላ፣ እንደ በርሜል ክብልል ያለ። በብዛት የምታስቀምጠው በቅጠሉ የታችኛው ገጽ ላይ፣ በተለይ ለጋ በሆነው የተክሉ ጫፍ አካባቢ ነው። አንዳንዴም ግንዱ ላይ፣ አንዳንዴም ባልበሰለው ፍሬ አናት ላይ ባለችው አረንጓዴ ኮከብ ሥር። አንዲት ሴት እስከ 260 እንቁላል ልትጥል ትችላለች፤ አብዛኛውንም ከተጋባች በኋላ ባለው የመጀመሪያ ሳምንት ትጨርሰዋለች። እንቁላሎቿን ባንድ ቦታ አትከምርም፤ አንድ እዚህ፣ አንድ እዚያ እያለች ትበትናቸዋለች። ገበሬው ቅጠል እየገለበጠ ቢፈልግ እንኳ በዓይኑ ሊያገኛቸው የማይችለው ለዚህ ነው።

ከአራት እስከ ስድስት ቀን ባለው ጊዜ እንቁላሉ ይፈለፈላል። የሚወጣው ትል አንድ ሚሊ ሜትር የማይሞላ፣ ክሬም ቀለም ያለው፣ ራሱ የጠቆረ ነው። አየር ላይ የሚቆየው ለጥቂት ጊዜ ነው፤ ሰዓት ሳይሞላው ቅጠሉን በስቶ ይገባል። ከዚያ በኋላ የሚኖረው በቅጠሉ የላይኛውና የታችኛው ቆዳ መሀል ነው። ሁለቱን ቆዳዎች አይነካም፤ በመሀል ያለውን ለምለም ሥጋ እየበላ ይሄዳል። ሰው ቤት ገብቶ ግድግዳውንና ጣሪያውን ሳይነካ ዕቃውን በሙሉ እንደሚያወጣ ሌባ ማለት ነው። ቅጠሉ ከውጭ ሲታይ መጀመሪያ ነጣ ያለ ጠባሳ፣ ቀጥሎ እየሰፋ የሚሄድ፣ ወደ ብርሃን ሲይዙት የሚያሳልፍ ፊኛ የመሰለ ቦታ ይሆንበታል። ውስጡ ጥቁር የትሉ ኩስ ተጠራቅሞ ይታያል። በመጨረሻ ቡናማ ሆኖ እሳት እንደነካው ወረቀት ይጨማደዳል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ቅጠል ውስጥ ገብቶ የሚበላው ቱታ ብቻ አይደለም፤ አንዲት ትንሽ ዝንብም ልጇን እዚያው ታሳድጋለች። የዝንቧ ልጅ መንገድ ግን ቀጭንና እንደ እባብ የተጥመለመለ ነው፤ የቱታው ደግሞ ሰፋ ያለ ዳፋ ነው። ልዩነቱ ቀላል ይመስላል፤ ለአንዱ የተገዛ መድኃኒት ለሌላው ላይሠራ ስለሚችል ግን የገንዘብ ጉዳይ ነው።

ትሉ አራት የዕድገት ደረጃዎች አሉት። ቆዳውን እየቀየረ ያድጋል፤ በመጨረሻው ደረጃ 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ቀለሙ መጀመሪያ ወደ አረንጓዴ ያደላል፤ ሲጎለምስ ጀርባው ላይ ሮዝ ቀለም ይወጣዋል። ያቺ የእኔ የመክተፊያ እንግዳ በዚህ ደረጃ ላይ ያለች ነበረች። በመሀል አንዱን ቅጠል ጨርሶ ወጥቶ ወደ ሌላው የሚሄድበት ጊዜ አለ። ፍሬም ውስጥ የሚገባው ብዙውን ጊዜ ከዚያች አረንጓዴ ኮከብ ሥር ነው፤ ጥላ ስለሆነና ስለማይታይ። የገባበት ቀዳዳ ትንሽ ነው፤ እሱን ተከትለው የሚገቡት ሻጋታና ባክቴሪያዎች ግን ፍሬውን ያበሰብሱታል። ማሳው ላይ ደህና የነበረ ሳጥን ቲማቲም ገበያ ሲደርስ ከሥሩ ውሃ የሚያንጠባጥበው አንዳንዴ ለዚህ ነው።

ሁለት ሳምንት ገደማ በልቶ ሲጠግብ ትሉ ክር ፈትሎ በክሩ እየተንጠለጠለ ወደ መሬት ይወርዳል። አፈር ውስጥ ትንሽ ገባ ብሎ ራሱን በስስ ሐር ይሸፍንና ፑፓ ይሆናል፤ 6 ሚሊ ሜትር የምትሆን፣ መጀመሪያ አረንጓዴ፣ ቆይታ ቡናማ የምትሆን እሽግ። አፈር ባያገኝ እዚያው ቅጠሉ ውስጥም፣ ሳጥኑ ስንጥቅ ውስጥም ያደርገዋል። ከ9 እስከ 11 ቀን፣ ብርድ ከሆነ ከዚያ በላይ ቆይቶ እሽጉ ይሰነጠቅና አመድማዋ የእሳት እራት ትወጣለች።

ይህ ሁሉ ስንት ቀን ይፈጃል? እንደ ሙቀቱ ነው። ተመራማሪዎች ለክተው እንዳገኙት በ14 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ 76 ቀን፣ በ20 ዲግሪ 40 ቀን ገደማ፣ በ27 ዲግሪ ደግሞ 24 ቀን ብቻ። ብርድ ያዘገያታል፤ ሙቀት ያጣድፋታል። አንዳንድ ነፍሳት ክፉ ወቅት ሲመጣ ለወራት ተኝተው ያሳልፋሉ፤ እሷ ግን ምግብ ካለ እንቅልፍ የላትም። በተመቻት አገር በዓመት ከ10 እስከ 12 ትውልድ ትተካለች።

ይህን ወደ እኛ አገር እናምጣው። መቂና ባቱ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር አካባቢ ላይ ያሉ፣ በመስኖ ዓመቱን ሙሉ ቲማቲም የሚመረትባቸው ቦታዎች ናቸው። አንድ ማሳ ችግኙ ከገባበት እስከ መጨረሻው ለቀማ አራት ወር ገደማ ይቆያል። በአርባ ቀን ሒሳብ ሦስት ትውልድ መሆኑ ነው። እስቲ ለጨዋታ ያህል እናስላው። አንዲት ሴት 260 እንቁላል ጣለች እንበል። ከአሥሩ ዘጠኙ ሞተው አንዱ ብቻ ቢያድግ 26 ይሆናሉ፤ ግማሾቹ ሴቶች ናቸው፣ 13። እነሱም እንደ እናታቸው ቢያደርጉ 338። ከእነዚያ መሀል 169ኙ ሴቶች ናቸው፤ እነሱም ቢደግሙት 4,394። ከአንዲት እናት፣ ከአሥር ዘጠኙ ሞተውባት! ማሳው አጠገብ ያረጀ ቲማቲም ተክል ሳይነቀል የቆየ ከሆነ ደግሞ ጅማሬው ከአንዲት እናት አይሆንም።

ባለፈው ዓመት በዚያው አቅጣጫ ሳልፍ አንድ ማሳ ዳር ቆም ብዬ ነበር። ሁለት ወጣቶች በጀርባ የሚታዘል መርጫ ተሸክመው በረድፎቹ መሀል እየሄዱ ይረጫሉ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። አንዱ ቲሸርቱን አፍንጫው ላይ ጠምጥሟል፤ ሌላው ይህም የለውም። ጓንት የለም፣ ቦቲ ጫማ የለም። ባለ ማሳው ጎልማሳ ሰው ናቸው፤ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ሳጥን ይጠግናሉ።

"ለቱታ ነው?" አልኳቸው።

"ለእሷው ነው። ሌላ ለማን ይረጫል?"

"በሳምንት ስንት ጊዜ ትረጫላችሁ?"

"አየህ ልጄ፣ ድሮ አንዴ ነበር። አሁን ሁለቴ። አንዳንዱ ሦስቴም ይረጫል። አንዱ አልሠራ ሲል ሁለቱን ደባልቀን እንሞክራለን። ሱቅ ያለው ልጅ ‘ይኼኛው አዲስ ነው’ ይለናል፤ እንገዛለን። ደግሞ ትመጣለች።"

"ልጆቹ እንኳ ቱታ ቢለብሱ?"

ሳቁ። "ለቱታ የሚሆን ቱታ ከየት ይምጣ?"

ቀልዱ ቀልድ ነው፤ እኔ ግን ስመለስ መንገዱን ሙሉ ሲከነክነኝ ነበር። ሰውየው ሰነፍ አይደሉም፣ ሞኝም አይደሉም። የተበደሩትን ብር ይዘው የሚያውቁትን እያደረጉ ነው። ያላወቁት፣ ያልነገርናቸውም፣ የሚረጩት መድኃኒት የት ላይ እንደሚያርፍ ነው። እስቲ ከላይ ያልነውን መለስ ብላችሁ አስቡት። እኩለ ቀን ላይ ሲረጩ እንቁላሉ ከቅጠል ሥር ነው። ትሉ በሁለት ቆዳ መሀል ነው። ፑፓዋ አፈር ውስጥ ናት። እናቲቱ ጥላ ውስጥ ተደብቃለች። ከማሳው ቱታ ውስጥ በዚያች ሰዓት በቀጥታ የሚመታው ትንሹ ክፍል ነው። የዛሬው ርጭት ያልነካቸው በሦስተኛው ቀን ይወጣሉ፤ ገበሬውም "አልሠራም" ብሎ ይደግማል።

እውነት ነው፣ ቅጠሉን ሰርገው ገብተው ትሉ ያለበት የሚደርሱ መድኃኒቶች አሉ። መጀመሪያ ላይ ጥሩ ይሠራሉ። ከዚያስ? መድኃኒቱን ተቋቁመው የተረፉት ጥቂቶች ይዋለዳሉ፤ በዓመት 10 ትውልድ ለምትተካ ነፍሳት ደግሞ ይህ ብዙ ጊዜ አይፈጅም። ብራዚል ውስጥ የተለመዱት መድኃኒቶች እየደከሙባት መምጣታቸው ከ20 ዓመት በፊት ተመዝግቧል። አዲስ ነው፣ ብርቱ ነው የተባለለት ዳያማይድ የሚባለው ወገን ገበያ ከገባ አሥር ዓመት ሳይሞላው እ.ኤ.አ. በ2015 ጣሊያንና ግሪክ ውስጥ የማይበግራቸው ቱታዎች ተገኙ። መድኃኒቱ የእሷን ጠላቶች ግን ይገድላል። እንቁላሏን የሚበሉትን ትንንሽ ነፍሳት፣ ሸረሪቶችን፣ ትሏ ውስጥ እንቁላል የሚጥሉትን ደቃቃ ተርቦች ያለ ልዩነት ይጠርጋቸዋል። በሌላ አነጋገር ገበሬው ብሩን ከፍሎ ማሳውን ለቱታ ያጸዳላታል።

ወደ እናቴ አባባል ልመለስ። ይህ ትል ያለበት ቲማቲም ያልተረጨ ነው የሚለው ግምት የማይሠራው ለዚህ ነው። ትሉ የተረፈው መድኃኒት ስላልነበረ ሳይሆን መድኃኒቱ ስላላገኘው ሊሆን ይችላል። ትሉ ራሱ ሰውን አይጎዳም፤ የበላውን ክፍል ቆርጦ መጣል ይበቃል። የሚያሳስበው ከላይ ያረፈው ነው። እያንዳንዱ መድኃኒት ከመጨረሻው ርጭት እስከ ለቀማ ስንት ቀን መቆየት እንዳለበት ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል። ቲማቲም ግን በየጥቂት ቀኑ የሚለቀም ነገር ነው። በሳምንት ሁለቴ የሚረጭና በሳምንት ሁለቴ የሚለቀም ማሳ ያንን ቀን መቼ ይጠብቃል? በደንብ አጥቡት፤ ላዩ ላይ ያለውን ይቀንሳል። ውስጥ የገባውን ግን ውሃ አያወጣውም።

ቱታ የእኛ አገር ተወላጅ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1917 ከፔሩ፣ ሁዋንካዮ ከምትባል የተራራ ከተማ የተገኘችውን ናሙና አይቶ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰየማት ኤድዋርድ ሜሪክ የሚባል እንግሊዛዊ ነው። ሰውየው ማርልቦሮ ኮሌጅ ውስጥ የጥንት ቋንቋዎች መምህር የነበረ፣ በትርፍ ጊዜው ከ10 ሺሕ በላይ የእሳት እራቶችን የሰየመ ጉደኛ ነበር። ፍቶሪሜያ አብሶሉታ አላት። ከእሱ በኋላ የመጡት ስሟን ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ሲያዛውሩት ኖረው ቱታ ላይ አሳረፉት። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ አጥኚዎች መርምረው ሜሪክ መጀመሪያ ወዳለው መለሷት። የድንች የእሳት እራት ከምትባለው ዘመዷ ጋር አንድ ቤት ገባች ማለት ነው። ገበሬው ግን ቱታ ማለቱን አልተወም፤ እኔም አልተውኩም።

ለአሥርት ዓመታት የደቡብ አሜሪካ ጣጣ ሆና ቆየች። እ.ኤ.አ. በ2006 መጨረሻ ስፔን ላይ ታየች። በ2008 ሰሜን አፍሪካ፣ በ2009 ግብፅ፣ በ2010 ሱዳን፣ በ2012 ኢትዮጵያ። ከዚያ ኬንያና ታንዛኒያ። ናይጄሪያ ላይ በ2016 ስትበረታ ሕዝቡ "የቲማቲም ኢቦላ" አላት፤ የካዱና ግዛት አስተዳደር በቲማቲም ጉዳይ የአስቸኳይ ጊዜ እስከ ማወጅ ደረሰ። ዳንጎቴ ካኖ አቅራቢያ ገና መከፈቱ የነበረው የቲማቲም ድልህ ፋብሪካ ጥሬ ዕቃ አጥቶ ቆመ። በስድስት ዓመት ከስፔን መቂ! የስንዴ ፍሬ የምታክል ነፍሳት ይህን ሁሉ አገር በክንፏ አላቋረጠችም። ያጓጓዝናት እኛ ነን፤ በፍሬው፣ በችግኙ፣ በሳጥኑ። አትክልት ተራ ከፒያሳ ጃንሜዳ፣ ከጃንሜዳ ኃይሌ ጋርመንት ሲዛወር ሳጥኖቹም አብረው ዞረዋል። ባዶውን ወደ ማሳ የሚመለስ የእንጨት ሳጥን ስንጥቁ ውስጥ ምን እንደያዘ ማን ያያል?

ታዲያ ምን ይደረግ? የሕይወት ዑደቷን የሚያውቅ ሰው የሚመታበትን ቦታ ያውቃል። አፈር ውስጥ ስላለችው ፑፓ፣ ለቀማው እንዳለቀ ያረጀውን ተክል ነቅሎ መቅበር ወይም በላስቲክ ሸፍኖ ፀሐይ ላይ ማብሰል፣ ማሳውን መገልበጥ፣ ቀጥሎም ሽንኩርት ወይም በቆሎ መዝራት እንጂ ቲማቲም በቲማቲም ላይ፣ ወይም ድንች በቲማቲም ላይ አለመድገም። ድንችም ደበርጃንም ይስማሟታል። ማሳ ዳር ስለሚበቅሉት አውጥና አስተናግርም እንዲሁ፤ ቲማቲም በሌለ ጊዜ ማደሪያዋ ናቸው። ልጅ ሆነን አውጥ የለቀምን ሰዎች የማንን ቤት እንደምናፈርስ አላወቅንም ነበር።

ቅጠል ውስጥ ላለው ትል፣ መጀመሪያ የታዩትን ዳፋ ያለባቸውን ቅጠሎች ለቅሞ ከማሳ አውጥቶ መቅበር። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ግን ትሉ ከነቤቱ የሚያዝበት ብቸኛው ጊዜ ነው። ለአዲስ ተፈልፋዩ ደግሞ ቢቲ የሚባለው ከባክቴሪያ የሚሠራ መድኃኒት አለ፤ ትሉ ቅጠሉን በስቶ ሲገባ አብሮ በልቶት ይሞታል፣ ለሰውም ለተርቧም አይተርፍም። ስፔኖች ኔሲዲዮኮሪስ የምትባል የቱታን እንቁላል የምትበላ ነፍሳት አርብተው ችግኙ ገና ሳይተከል ይለቁበታል። ናይሮቢ ያለው የነፍሳት ምርምር ማዕከል ኢሲፔም ከዚያው ከፔሩ፣ ከቱታ አገር፣ ትሏን የምታጠቃ ደቃቃ ተርብ አምጥቶ ሲሠራባት ቆይቷል። ሌባ ለመያዝ የሰፈሩን ሰው መጠየቅ ማለት ይህ ነው።

ለእናቲቱ የሚሆነው ወጥመድ በጣም የምወደው ነው። ሴቷ ወንዱን የምትጠራበትን ሽታ ሰዎች አስመስለው ሠርተው ትንሽ ጎማ ውስጥ አድርገውታል። ጎማውን ሳሙና ያለበት ውሃ ሳፋ ላይ ብታንጠለጥሉት ንጋት ላይ ሚስት ፍለጋ የወጣው ወንድ ሁሉ ሳፋው ውስጥ ይገባል። ጥቅሙ ግን መጨረስ ሳይሆን መቁጠር ነው። ዛሬ ሦስት፣ ነገ አርባ ከሆነ እናቶቹ እንቁላል እየጣሉ ነው ማለት ነው፤ ርጭት ካስፈለገም ቀኑን የሚነግራችሁ እሱ ነው። ወንዶቹን በሙሉ ይዘን ዘሯን እናጥፋ ብለው ያሰቡም ነበሩ። አንዱ ወንድ ከብዙ ሴት ጋር ስለሚጋባ ጥቂት ካመለጡ በቂ ነው። ይባስ ብሎ እ.ኤ.አ. በ2012 የቤልጂየም ተመራማሪዎች ወንድ ያላየች ቱታ የጣለችው እንቁላል ሊፈለፈል እንደሚችል አሳዩ። ምን ትላላችሁ?

የመቂው ሰውዬ ይህን ሁሉ ቢሰሙ ምን ይሉ እንደነበር አውቃለሁ። "አጠገቤ ያለው ካልነቀለ እኔ ብነቅል ምን ዋጋ አለው?" ይላሉ፤ ልክም ናቸው። ቱታ አጥር አታውቅም። አንዱ ማሳ ሲነቀል አጠገቡ ያለው ገና ሁለተኛ ወሩን ከያዘ ወደዚያ ትሻገራለች። ሥራው ቀበሌ በሙሉ ባንድ ሳምንት የሚነቅልበት፣ ባንድ ወቅት የሚተክልበት፣ በመሀልም ቢያንስ ስድስት ሳምንት ቲማቲም የማይታይበት ስምምነት ይጠይቃል። በመስኖ ውሃ ተራ የሚስማሙ ሰዎች በዚህ መስማማት አያቅታቸውም ብዬ አስባለሁ። ግን ስድስት ሳምንት ገበያ ላይ ቲማቲም ሲጠፋ ዋጋው ሰማይ ይነካል፤ ያኔ ደፍሮ ብቻውን የተከለ ሰው ይከብራል። ይህን ፈተና የሚያልፍ ስምምነት ቀላል አይደለም።

የጠርሙሷን ነገር ረሳሁት። ትሏ ሁለት ቀን በላች፤ በሦስተኛው ቀን ቲማቲሙ ላይ አልነበረችም። አፈሩን በስንጥር ገለጥ ሳደርግ በስስ ሐር የታሰረች አረንጓዴ ነገር አገኘሁ። ቡናማ ሆነች። አዲስ አበባ ብርድ ስለሆነ መሰለኝ ዘገየች። በ14ኛው ቀን ማታ መብራት ሳበራ ጠርሙሱ ውስጥ አንዲት አመድማ ነገር ወደ አምፖሉ በኩል ባለው ጎን መስተዋቱን እየመታች ትንፈራገጣለች።

እናቴ መነጽሯን አድርጋ ጎንበስ ብላ አየቻት። "ይህቺ ናት እንዴ ያን ሁሉ ሰው የምታስለቅሰው?" አለችና ትንሽ ቆይታ፣ "በል ልቀቃት፣ ምን አጠፋች" አለችኝ።

በረንዳው ላይ እናቴ በቀለም ጣሳ የተከለቻቸው ሁለት የቲማቲም ችግኞች አሉ። ክዳኑን አልከፈትኩም።